ለክፍሌ ውሃ ስንመርጥ

የዚህን ነገር ግማሽ የነገሩኝ እማሆይ ወለተ ማርያም ናቸው። የቀረውን ግማሽ ማንም አልነገረኝም፤ በአጥሬ ቀዳዳ ራሴ አይቼዋለሁ። እማሆይ የእኛው አገር ሰው ናቸው፤ ከመነኮሱ ወዲህ ግን የሚኖሩት ወሎ፣ ሐይቅ ዳር ነው። ለዘመድ ተዝካር መጥተው እኔ ቤት ሦስት ቀን ሲሰነብቱ ነው ያጫወቱኝ። ካዩት ላይ አንዲት ቃል አልጨመሩም። እኔ ልጨምር እችላለሁ፤ ስናደድ ይጨምርብኛል።

አዎ፣ ተናድጃለሁ። ሰሞኑን አንድ የመሥሪያ ቤት ሰው በደጄ ሲያልፍ ቆም አለና፣ እትዬ ዘነቡ፣ የወር ዕረፍት ተሰጥቶኛል፣ ወዴት ብሄድ ይሻለኛል አለኝ። ሌላ የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ነው? በእኛ ጊዜ ሰው የሚያርፈው አንዴ ነበር፤ እሱንም ቄስ ነው የሚሸኘው። ቢሆንም አልሰደብኩትም። ተቀመጥ አልኩትና የክፍሌን ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገርኩት። ሳይሰናበተኝ ሄደ። እናንተ ግን አትሂዱ።

ክፍሌ ጎረቤቴ ነው። መሐል ሜዳ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ብዕር ከኪሱ፣ ጥላ ከእጁ አይለይም። ሚስቱ አስካለ ትባላለች። እሷን ብርቱ ናት ብዬ ብቻ ልለፋት፤ አለዚያ ወረቀቱ አይበቃኝም። የሚኖሩት በአስካለ እናት በእማማ ደብሪቱ ቤት ነው። የቤቱ ግድግዳ ድንጋይ ነው፤ መድፍ አይጥለውም። ጣሪያው ግን ሣሩ በስብሶ በስብሶ፣ ጎጆ ልትሠራበት የመጣች ወፍ ተጸይፋው ትሄዳለች። ክረምት ሲገባ የእማማ ደብሪቱ አልጋ ቤቱን ሲዞር ይከርማል። ሰኔ ምሰሶው ሥር ነው። ሐምሌ ወደ ጓዳ ይሸሻል። ነሐሴ ከበጎቹ ጋር ነው። እሳቸው ማማረር አያውቁም፤ አንዲት ነገር ብቻ ነበረች የሚሏት። ከእንግዲህ እግዜርን ብዙ አላስቸግረውም፣ በደረቅ አልጋ ልሙት ይላሉ። ይህ ብዙ ነው? እስቲ ንገሩኝ።

ጣሪያ የሚከደነው በጓሳ ሣር ነው። ጓሳን የማያውቅ ካለ፣ ከበላያችን ያለው የውርጭ ሜዳ ነው። ሣሩ አንዴ ከተከደነ የልጅ ልጅ ያሳድጋል። ታዲያ እንደ ጓሮ ጎመን በፈለጉት ቀን አይነኩትም። አባቶች ለዓመታት ይዘጉታል፤ ሣሩ ሲበቃ ተማክረው ይከፍቱታል። ያኔ ድርሻ ያለው ቤት ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። በቀኑ ያልወጣ፣ እንደገና እስኪከፈት በስንት ክረምት ይደበደባል። ያን ሰሞን ደግሞ የሚዋሱት ክንድ አይገኝም፤ ሁሉም የራሱ ጣሪያ አለበት።

ያን ዓመት ጓሳ ከተዘጋ ስድስት ዓመቱ ነበር። በየካቲት አጋማሽ ይከፈታል ተብሎ በገበያ ተለፈፈ። ክፍሌም ለአለቃው አመልክቶ የየካቲትን ወር ዕረፍት አገኘ። ምን ብሎ አመለከተ? ለሣር ብሎ። አስካለ ማጭዱን አስሳለች። እማማ ደብሪቱ በዳበሳ ተነሥተው አልጋቸው የሚቆምበትን ቦታ መረጡ፤ እዚህ፣ ከእሳቱ አጠገብ፣ ከእንግዲህ አይነቃነቅም አሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔስ ምን አናደደኝ።

በገና የክፍሌ አብሮ አደግ ሽመልስ ከምጽዋ መጣ። ሽመልስ መርከበኛ ነው። ከጓዙ መሃል አንድ ቢጫ ብረት ወጣ። ቁመቱ የሦስት ዓመት ልጅ ያህላል፤ የሚታዘልበት ማንገቻ አለው፤ አንገቱ ላይ የሚከፈት የሚዘጋ ቁልፍ፣ ከቁልፉ የወጣ የጎማ ቱቦ፣ ከቱቦው ጫፍ በጥርስ የሚነከስ ጎማ። ምን አለበት አልነው። አየር ታጭቆበታል አለን። አየር በመንዝ ምን ጠፍቶ ነው ከምጽዋ ተጭኖ የሚመጣው? ነፋሱ ከብት ሊጥል በሚደርስበት አገር? ይህን ያዘለ ሰው ከባሕር ሥር እንደ ዓሣ እየተነፈሰ ይሄዳል አለን። ሳቅን። ክፍሌ ግን አልሳቀም።

በማግሥቱ ሁለቱ ከታች ወዳለው የበግ ማጠቢያ ኩሬ ወረዱ። እኔም የሚለቀም ጭራሮ አላጣሁም፤ ተከትዬ ወረድኩ። ክፍሌ ብረቱን አዝሎ፣ ዓይኑ ላይ መስተዋት ደፍቶ፣ እግሩ ላይ የዳክዬ እግር የመሰለ ጎማ አጥልቆ ውሃው ውስጥ ጠፋ። በጎቹ ሸሹ። እኔ አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ። አንዱን ጨረስኩ፣ አልወጣም። ሁለተኛውን ጨረስኩ፣ አልወጣም። ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት። መውጣቱስ ወጣ፤ ጭቃ ለብሶ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ፊቱ ግን እንደ ሙሽራ እያበራ ወጣ። እዚያ ታች ያለው ጸጥታ አለ፣ ከዚያ ወዲያ ቃል አጣ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክፍሌ ለሣር የሚሆን ሰው አልነበረም።

ሽመልስ ሲመለስ ብረቱን ይዘኸው ና ብሎ ትቶለት ሄደ። ክፍሌም በየማለዳው በርሜሉ ላይ የጋገረውን ውርጭ በጡጫው እየሰበረ ጭንቅላቱን ይነክር ጀመር። አስካለ አጠገቡ ቆማ፣ በግ ይሰማራል፣ ፍግ ይጠረጋል ትለዋለች። አረፋ ነው የሚመልስላት። አንድ ቀን አላስችል አለኝና በቀዳዳው፣

"ምነው ክፍሌ፣ ዶሮ እንኳ ውሃ ስትጠጣ ቀና ብላ ሰማይ ታያለች" አልኩት።

"ዶሮ ምን አየች እትዬ" አለኝ፣ ውሃው ከአፍንጫው እየወረደ።

ጥር ላይ የሽመልስ ደብዳቤ መጣ። ክፍሌ ለሰንበቴው አነበበልን። ሰንበቴ በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰብስበን ዳቦና ጠላ የምንካፈልበት ነው። እዚያ ሳንካፈል የምንተወው ነገር፣ ሳንማከር የምናሳልፈው ጉዳይ የለም። ሽመልስ እንዲህ ብሎ ነበር የጻፈው። ለጀማሪ ጠላቂ ውሃ ሲመረጥ የጠራ ይሁን፣ ሞቃት ይሁን፣ ጥልቀቱ ያነሰ፣ ማዕበል የማያናውጠው ይሁን። ጀማሪ ብቻውን አይገባም። ምጽዋ ና፤ የካቲት ደግ ወር ነው፤ ቆይተህ ብትመጣ ሙቀቱ ይጠብስሃል። እኔ ከጎንህ እሆናለሁ። ብረቱን ግን ውሃው ዳር እስክትደርስ እንዳትከፍተው።

ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል? የሚያውቅ ሰው ጽፏል። በእኛ ሰንበቴ ግን የሚያውቅ ሰው ቃል የጨዋታ መክፈቻ ነው።

የበቅሎ ነጋዴው ቢሾፍቱ ይሻላል አለ፤ አንዴ በቅሎውን አጠጥቶበታል፣ በቅሎዋ አልታመመችም። መርሐቤቴ አማቾች ያሉት ሰው፣ ጀማ ወንዝ ከአፍንጫችን ሥር እያለ ምን ያንከራትተዋል አለ። አዞውስ ሲሉት፣ ክፍሌ ቀጭን ነው አለ። አንድ ሽማግሌ ጣናን አነሡ፤ ወዲያው ራሳቸው ጣሉት፤ ጉማሬ ጀማሪና ነባር አይለይም ብለው። በዚያ ግቢ ከጉልበቱ በላይ ውሃ ውስጥ የገባ አንድ ሰው አልነበረም። ምክር ግን እንደ ጠላው ይቀዳል።

በመጨረሻ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ይህ ምጽዋ ያላችሁት፣ ታቦቱ የማን ነው?"

ክፍሌ ባሕር ነው እንጂ ታቦት የለውም አላቸው።

"ታዲያ ክርስቲያን ታቦት የሌለበት ውሃ ውስጥ ገብቶ ምን ሊያገኝ?"

 ሐይቅ ግን ገዳም ያለበት ነው አሉ መሪጌታ፤ ውሃው የተባረከ ነው፤ ከምጽዋም ይቀርባል። አገባቡም እንደ ጠበል ይሁን፤ በማለዳ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ብቻውን ይግባ አሉ። ይታያችሁ። ሞቃት የተባለው ብርድ ሆነ። ብቻህን አትግባ የተባለው ብቻህን ግባ ሆነ። ሽመልስ የጻፈውን በሙሉ ልክ እንደ ሸማ ገልብጠው አለበሱት። እኛም አሜን አልን።

አስካለም ተስማማች። የእሷ ሒሳብ ሌላ ነው። ምጽዋ ከወረደ ለሣሩ አይደርስም፤ ሐይቅ ከሆነ በቶሎ ይመለሳል። ክፍሌም በሚካኤል ስም ማለ፤ ጓሳ ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው ቤቴ እገኛለሁ አለ። እማማ ደብሪቱ ከሴቶቹ መሃል፣

"ልጄ ክፍሌ፣ ለመጥለቅ ከሆነስ ምን አስኬደህ፤ ነሐሴን እኔ አልጋ ላይ ጠብቅ" አሉት።

ግቢው ሳቀ። እሱ አንገቱን ደፋ።

ደሜን የሚያፈላው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። መሪጌታ ቀጠሉና፣ ከመሄዱ በፊት ያ ከሩቅ የመጣ አየር ለሁላችን ይዳረስ አሉ። ክፍሌ ብረቱን እንዳትከፍት ተብያለሁ፣ አሁን አነበብኩላችሁ እኮ አለ። ያልተካፈሉት ነገር በረከት የለውም አሉት። ሰዉ ሁሉ አየው። እናንተ ሆዬ፣ በእኛ አገር ስስታም ከመባል ሌባ መባል ይሻላል። ሌባ ቢያንስ ለልጆቹ ነው ይባልለታል። ክፍሌ ሄዶ ብረቱን ተሸክሞ መጣ፤ ከፈተው።

ጎማው እንደ ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁሉም ይነክሳል፣ ይስባል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያስባል። አንዱ ጨው ጨው ይላል አለ። ሌላው ጎማ ጎማ ይላል አለ። መሪጌታ ግን ሰው የነከሰውን አልነክስም አሉ። ስለዚህ በቀጥታ ይነፋብኝ አሉ። ክፍሌ ጎማውን ነቀለና ቁልፉን ዘወር አደረገው፤ እስስስ ብሎ ሲወጣ ጥምጣማቸውን ሊጥለው ምንም አልቀረው። ያኔ የብረቱ አንገት ጤዛ አወጣ። ቆየት ሲል ጤዛው እንደ ማለዳ ሜዳ ነጣ። ብረት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ውርጭ ሲያወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጠበል አወጣ አለች አንዷ።

በቃ። ራሱን የሚያመው መጣ። ወገቡን የሚያመው መጣ። በሚቀጥለው እሑድ ከሩቅ፣ ከቀየት ሳይቀር በሽተኛ በበቅሎ ጭነው መጡ። ሦስት እሑድ ሙሉ ነፋንበት፣ ተነፋብን። ክፍሌም፣ ብረቱ ገና ብዙ አየር አለው፣ ሽመልስ ብሎኛል እያለ፣ ለእኛ ይሁን ለራሱ እንጃ፣ ያጽናና ነበር።

በየካቲት መጀመሪያ ሰንበቴው መርቆ ሸኘው። አስካለ በሶና ዳቦ ቆሎ ሰነቀችለት። ብረቱን በቅሎ ላይ ጭኖ ወደ ጣርማ በር ወረደ፤ ከዚያ የጭነት መኪና ይዞ ወደ ወሎ አቀና።

ከዚህ በኋላ ያለው የእማሆይ ነው። እማሆይ በማለዳ ውሃ ሊቀዱ ሲወርዱ፣ አንድ ሰው ሐይቁ ዳር የሚታጠቀውን እየታጠቀ ነው። በንግግሩ የአገራቸው ሰው መሆኑን አወቁ። ማን ነህ፣ የማን ልጅ ነህ ተባባሉ። እህል አልቀመስክም ወይ አሉት፤ ሦስት ቀኔ ነው አላቸው። መሪጌታ እህል ሳይቀምስ ያሉትን እሱ ሱባኤ አድርጎት ኖሯል። ውሃው እንደ በረዶ ነው። ታንኳ ቀዛፊዎች ቆመው ያዩታል። ጎማውን ነከሰና እስከ አንገቱ ገባ፣ ጭንቅላቱ ጠፋ፤ ወዲያው እንደ ተወጋ ሰው ተወርውሮ ወጣ። እንደገና ገባ፣ እንደገና ወጣ። ዳር ወጥቶ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ዘወረው። እስስ የለም። በጠጠር መታው፤ ጓ ብሎ ጮኸ፣ እንደ ባዶ ጋን።

ያኔ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ አሉኝ። ብረቱን እያየ፣

"እማሆይ፣ አገሬ ተንፍሶ ጨረሰው" አላቸው።

እማሆይ ጥሬ ዘግነው ሰጡት፣ እንደ እናት መከሩት። ግባ ወደ ቤትህ፣ ጓሳ ሊከፈት ስንት ቀን ቀረው ብለው። ስድስት አላቸው። ታዲያ ይደርስልሃል፣ ሂድ አሉት። እንዴት ልሂድ አላቸው። ሰንበቴው መርቆኛል፤ ከጠበል ደርቆ የተመለሰ ተብዬ እስክሞት ስም ይወጣልኛል። አየሩ የሚሞላው ምጽዋ ብቻ ነው፤ ወርጄ፣ ሞልቼ፣ አንዴ ጠልቄ እመለሳለሁ አላቸው። በዚያው ወደ ሰሜን የሚሄድ መኪና ላይ ወጣ። ስድስት ቀን ሲቀረው። አያችሁልኝ? ስም እንዳይወጣለት ብሎ ጣሪያውን ሸጠ። ይህን ሲነግሩኝ የያዝኩት ጣሳ ከእጄ ወድቋል።

እኛ ይህን አናውቅም። ሦስት ቀን ሲቀረው አስካለ መንገዱ አፍ ላይ ቆማ ዋለች። ሁለት ቀን ሲቀረው ቆመች። በዋዜማው አልቆመችም፤ ማጭዱን አወጣች። የእኔን ድርሻ የሚያጭድ ልጅ አለኝ፤ ስለዚህ እኔ ከእሷ ጋር ወጣሁ። ጓሳ ላይ ሰዉ እንደ ገበያ ነው፤ ሁሉም በየቤቱ ተሰልፏል። አጨዳውን የሚያዙት አባት ሲያልፉ ሁለት ሴት አይተው ቆሙ።

"የዚህ ቤት ወንድ የት አለ?"

አስካለ ከሣሩ ቀና ሳትል፣

"ውሃ እየመረጠ ነው አባቴ" አለች።

እሳቸውም፣ "ሣሩ ማጭድ እንጂ ሱሪ አይጠይቅም። እጨጂ" ብለው አለፉ።

አራት ቀን አጨድን። የአስካለ መዳፍ ተልጦ ማጭዱ ላይ ይጣበቅ ነበር። አንድም ቀን ባሏን አልሰደበችም፤ እኔ ነበርኩ የምሰድብላት። ነዶው ግቢ ገባ። እማማ ደብሪቱ ደጃፍ ተቀምጠው፣ ዓይናቸው ባያይም ጣታቸው ያያል፣ የማሰሪያውን ገመድ ከሣሩ እየገመዱ ከመሩት። ግን የሚከድን የት አለ? ነዶ መሬት ላይ ሆኖ ዝናብ አይመልስም። አስካለ ቤት ለቤት ዞራ ለመነች። ሁሉም የራሴ ጣሪያ፣ የራሴ ጣሪያ አላት። መጋቢት አለቀ። ሰማዩ መጠቆር ጀመረ።

ያኔ ነው ከሐይቅ የመጣ መንገደኛ የእማሆይን መልእክት ያደረሰው። ብረቱ ባዶ ነበር፣ ሰውየው ምጽዋ ወርዷል፣ ይኸው ነው። አስካለ ሰማች፣ መንገደኛውን አብልታ ሸኘች። በእሑዱ ሰንበቴ፣ መሪጌታ ዳቦውን ባርከው ሊቆርሱ ሲሉ ተነሣችና፣

"የክፍሌን አየር የተነፈሰ ሁሉ ነገ እናቴ ጣሪያ ላይ ይውጣ። የተነፋበትም ይውጣ። ያልተነፈሰ ካለ አሁን ይናገር" አለች።

ማን ይናገር? ሁሉም አፉን ያውቀዋል። በማግሥቱ ግቢው ሞላ። የበቅሎ ነጋዴው አሮጌውን ሣር አፈረሰ። የመርሐቤቴው አማች ተሸከመ። መሪጌታ ጥምጣማቸውን ፈትተው፣ መሰላል ላይ ቆመው ነዶ ያቀብሉ ነበር። ከቀየት ሳይቀር ሁለት ሰው መጣ። በአራት ቀን ቤቱ አዲስ ሙሽራ መሰለ።

ከሁሉም ቀድማ የወጣችው ግን እኔ ነኝ። ለምን? እንግዲህ ይህን ያህል ካወራሁ ይኸንንም ልናገር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው። በመጀመሪያው እሑድ ሦስት ጊዜ ስቤአለሁ፤ ሰው አንድ አንድ ነበር የሚስበው። በሁለተኛው ጤዛውን ጉልበቴ ላይ አሸሁት። በሦስተኛው፣ ሰዉ ሲበተን፣ የምትስል ላም ነበረችኝ፣ እሷን እየጎተትኩ መጣሁ። ክፍሌ በላሟ ሳቀና ቁልፉን ለእኔ ሰጥቶ መሪጌታን ሊሸኝ ዘወር አለ። አፍንጫዋ ላይ ከፈትኩት። እስስስ አለ። እስስ አለ። እስ አለ። ከዚያ ዝም አለ። ቁልፉን ዘጋሁ፣ ብረቱን በቀሚሴ ጠርጌ አቆምኩለት። በቅሎዋ ላይ ሲጭነውም፣ ሰንበቴው ሲመርቀውም፣ ባዶ መሆኑን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። መንገድህን ያቅናልህ አልኩት።

አሁን ማን ላይ እንደተናደድኩ ገባችሁ?

ክፍሌ በሚያዝያ መጨረሻ ተመለሰ። ምጽዋ ላይ ሁለት ጊዜ ጠልቋል፤ ግራ ጆሮው ከዚያ ወዲህ አይሰማም። አስካለ ስትናገር ግራውን ያዞርላታል። ብረቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰቅሎ ደወል ሆኗል። ሽመልስ መጻፍ ትቷል። መሪጌታ አሁንም ይመክራሉ። እማሆይ ሐይቅ ዳር ናቸው። ላሜ ዳነች። እማማ ደብሪቱ በዚያው ነሐሴ ዐረፉ፤ አልጋቸው ደረቅ ነበር።